ፍላት ዋውንድ ክር ባለ 6 ክር ጊታር ላይ መግጠም፦ ከምርጫ እስከ መጨረሻው ማስተካከያ

ፍላት ዋውንድ ገዝተው በሳምንቱ አውልቀው የሚጥሉ ጊታሪስቶች ብዙ ናቸው። ቅሬታቸው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። "ሦስተኛው ክር ቅኝት አልይዝ አለኝ።" "ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተተከለው የብረት መስመር) ራቀ፣ ጣቴን ጨረሰው።" "ጫፉን ስቆርጠው ተፈታብኝ።" በአብዛኛው ጥፋቱ የክሩ አይደለም። ጊታሩ ለሌላ ክር ተስተካክሎ ሳለ ይህን ክር ዝም ብሎ ስለተሸከመ ነው።

የተለመደው ክር፣ ማለትም ራውንድ ዋውንድ፣ በክብ ሽቦ የተጠቀለለ ነው። ፍላት ዋውንድ ግን ቁስል ላይ እንደሚጠቀለል ፋሻ በጠፍጣፋ ብረት ይጠቀለላል። ከዚህ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ በጥቅልሉ መካከል ክፍተት ስለሌለ በተመሳሳይ ውፍረት ውስጥ ብዙ ብረት አለ። ስለዚህ ክሩ ትክክለኛ ድምፁ ላይ እስኪደርስ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን የበለጠ ይስባል። ሁለተኛ፣ ጥቅልሉ ጫፉ ላይ ካልተያዘ ይላላል። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ ይነሳል።

መመሪያው በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ከባለ 10 (ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው) ራውንድ ዋውንድ ወደ ባለ 11 ወይም ባለ 12 ፍላት ዋውንድ ለሚሸጋገር ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ጊታሩ ይቀበለው እንደሆነ እዩ

የናይለን ክር የሚታሰርበት ክላሲካል ጊታር ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። የብረት ክር፣ ፍላትም ሆነ ራውንድ፣ ክላሲካል ጊታር ላይ አይገባም። ውጥረቱ ብሪጁን (አካሉ ላይ ክሩ የሚታሰርበትን ክፍል) ይነቅለዋል፣ ፊቱን ያሳብጠዋል። ቤት ውስጥ ያለው ጊታር የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ቀጫጭኖቹን 3 ክሮች እዩ። እንደ ዓሣ ማጥመጃ ላስቲክ ከሆኑ ክላሲካል ነው።

የብረት ክር ያለው አኮስቲክ ከሆነ ለአኮስቲክ ተብሎ የተሠራ ፍላት ዋውንድ ፈልጉ። የኤሌክትሪኩ ክር የተሠራው ለፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው ማግኔት) ነው፤ ያለ ፒክአፕ ስትመቱት ይታፈናል።

ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ክሩን በብሎን የሚቆልፍ ብሪጅ ያለው ጊታር ላይ አልመክርም። እዚያ የክሩን ኳስ (ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ቀለበት) ቆርጣችሁ ጫፉን በብሎን ማጥበቅ አለባችሁ። ጠፍጣፋው ጥቅልል ደግሞ መቆረጥንም መጨፍለቅንም አይወድም።

ጌጅ (የክር ውፍረት) ምረጡ

"ባለ 11" ሲባል ቀጭኑ 1ኛ ክር 0.011 ኢንች ነው ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የእኔ ምርጫ ባለ 11 ነው። የዳዳሪዮ ኩባንያ ክሮምስ ባለ 11 ከ11 እስከ 50 ይሄዳል፣ ባለ 12ቱ ከ12 እስከ 52። ቶማስቲክ ኢንፌልድ ጃዝ ስዊንግ የሚባለው ለስለስ ያለ ነው፣ ጣት አያደክምም፤ ባለ 11ዱ እስከ 47፣ ባለ 12ቱ እስከ 50 ይደርሳል። ባለ 13ን አንገቱን በደንብ ለምታውቁትና ድምፁን ለማንሳት ክሩን ወደ ጎን ሳትገፉ ለምትጫወቱ ብቻ ተዉት።

አዲስ አበባ ውስጥ ፍላት ዋውንድ እንደ ልብ አይገኝም። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ "ፍላት ዋውንድ" ብላችሁ ብቻ አትላኩት። ፍላት ዋውንድ በብዛት የሚሸጠው ለቤዝ ጊታር ስለሆነ የቤዝ ክር ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ ለባለ 6 ክር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ባለ 11፣ 3ኛው ክር የተጠቀለለ። የፓኬቱን ፎቶም ጨምሩበት። ለየብቻ የሚሸጡ 1ኛና 2ኛ ክሮችም ጥቂት ያምጣላችሁ። እነዚህ ሁለቱ በየትኛውም ስብስብ ውስጥ ያልተጠቀለሉ ተራ የብረት ክሮች ናቸው፣ ቀድመው የሚበጠሱትም እነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዕቃ አዘጋጁ፣ የድሮውን ልክ መዝግቡ

የሚያስፈልጋችሁ፦

- ቲዩነር፤ የስልክ መተግበሪያም ይሆናል
- ቀጭን አፍ ያለው ፒንሳና ሽቦ መቁረጫ
- ለአንገቱ ብሎን (የአንገቱን ጉብጠት ለሚያስተካክለው) የሚገጥም ብሩጎላ ወይም የቱቦ ቁልፍ
- ለብሪጁ ካቻቢቴና ትንሽ ብሩጎላ
- በሚሊሜትር የተከፈለ ማስመሪያ
- እርሳስ፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ ደረቅ ጨርቅ

የድሮው ክር ሳይወልቅ 3 ነገር ጻፉ። 12ኛው ፍሬት ላይ 6ኛውና 1ኛው ክር ከፍሬቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቁ። አንገቱ ምን ያህል እንደጎበጠ፤ አለካኩን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ። የእያንዳንዱ ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ) አቀማመጥ፤ ለዚህ ከላይ ፎቶ አንሱ። የሆነ ነገር ከተበላሸ የምትመለሱት ወደዚህ ነው።

የብሩጎላውን ልክ በግምት አትሞክሩ። ትንሽ የሰፋ ቁልፍ የአንገቱን ብሎን ጥርስ በልቶ ይጨርሰዋል። ያ ከተበላ ጥገናው ውድ ነው። ድፍን ብሎ የሚገባ፣ የማይወዛወዝ ቁልፍ ብቻ ተጠቀሙ።

ብሪጁ በእንጨት ፊቱ ላይ በክሮቹ ግፊት ብቻ የተቀመጠ ጊታር ካላችሁ (ብዙ የጃዝ ጊታሮች እንዲህ ናቸው) ግራና ቀኙን በማስኪንግ ቴፕ ምልክት አድርጉበት። ትሬሞሎ (ብሪጁን የሚያንቀሳቅስ እጀታ) ያለው ጊታር ከሆነ ደግሞ ብሪጁ እንዳይንቀሳቀስ ከሥሩ የተጣጠፈ ካርቶን ወሽቁ።

ደረጃ 2፦ አንድ በአንድ ቀይሩ

ስድስቱንም በአንዴ አታውልቁ። ከ6ኛው ጀምራችሁ አንዱን አውጡ፣ አዲሱን ግጠሙ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። እንዲህ ሲሆን አንገቱ ድንገት አይለቀቅም፣ ብሪጁም ከቦታው አይሸሽም።

1. ክሩን ከፓኬቱ ስታወጡ ክቡን ቀስ ብላችሁ ፍቱት። እየተጠማዘዘ እንዳይዘረጋ ተጠንቀቁ።
2. በብሪጁ በኩል አስገቡና ኳሱ ቦታው ላይ እስኪቀመጥ ሳቡት። አንዳንድ ስብስብ ኳሱ አጠገብ ባለቀለም የሐር ክር ተጠቅልሎበታል። ሐሩ ሳድሉ ላይ መድረስ የለበትም። ከደረሰ ክሩ ለዚያ ብሪጅ አይሆንም።
3. ክሩን በነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ለየክሩ ቦይ ባለው ቁራጭ) ላይ አሳልፋችሁ ወደ መቃኛው ዘንግ ውሰዱ። ከዘንጉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ያዙ። ይህ ለወፍራሞቹ 2 ዙር ያህል ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ለ1ኛውና ለ2ኛው 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን።
4. አሁን ክሩን አጥፉት። ይህን የሚመለከተው ክፍል ቀጥሎ ነው፤ ሳታነቡት መቁረጫውን አታንሱ።

መጀመሪያ ማጠፍ፣ ከዚያ መቁረጥ

በጣም ብዙ ክር የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ያልታጠፈ ፍላት ዋውንድ ስትቆርጡ ጠፍጣፋው ብረት ከውስጠኛው ሽቦ ላይ መላላት ይጀምራል። መላላቱ ወደ ኋላ ተጉዞ ነቱን ካለፈ ክሩ ከእንግዲህ አይጮህም። ስትመቱት "ደብ" ይላል፣ ቃናው ይንቀጠቀጣል።

ዘንጉ ጎን ላይ ቀዳዳ ካለው ክሩን ሙሉውን አስገቡ። ትርፉን ጠብቃችሁ፣ ከቀዳዳው በሚወጣበት ቦታ በፒንሳ ጥርት ያለ 90 ዲግሪ እጠፉት። ክብ ያለ መታጠፍ አይቆጠርም፤ ማዕዘን መሆን አለበት። ጠቅልሉ፣ ቃኙ። የምትቆርጡት ከተቃኘ በኋላ ነው። ከታጠፈው ቦታ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር አስቀሩ።

ዘንጉ አናቱ ላይ የተሰነጠቀና መሃሉ ላይ ጉድጓድ ያለው ከሆነ (የድሮው ዓይነት ፌንደር ጊታር ላይ የምታዩት) ክሩን አስቀድሞ መቁረጥ ግድ ነው። ስለዚህ የተለካው ቦታ ላይ 90 ዲግሪ እጠፉ፣ ከማጠፊያው 1 ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ቁረጡ፣ ጫፉን ጉድጓዱ ውስጥ ክተቱ።

ጥቅልሉ ዙር በዙር ወደ ታች ይውረድ። አንዱ ዙር ሌላው ላይ ከወጣ ፍቱና ድገሙት፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ደጋግሞ ማጠፍ ብረቱን ይሰብረዋል።

ጫፉ ከተፈታባችሁስ? የተፈታው ከዘንጉ ወዲያ ያለው ትርፍ ብቻ ከሆነ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ይይዘዋል። ዘንጉንና ነቱን ካለፈ ግን አታስታምሙት። ክሩን ቀይሩት።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ

ስድስቱም ከገቡ በኋላ ወዲያው ወደ ትክክለኛው ቅኝት አትውጡ። ሁሉንም አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ፦ ከ6ኛው ወደ 1ኛው ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ዲ። ጊታሩን አስቀምጡና ተመልከቱ። ብሪጁ ቀጥ ብሎ ቆሟል? ትሬሞሎው ወደ ላይ አልተነሳም? ሁሉም ክር ነቱ ላይ በየቦይው ውስጥ ተቀምጧል?

ደህና ከሆነ ወደ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ አምጡት። ክሩን ለማላመድ ጎትታችሁ አታንሱት፤ ራውንድ ዋውንድ ላይ የለመዳችሁት መጎተት የጠፍጣፋውን ጥቅልል ሊያላቅቅ ይችላል። በአውራ ጣት ከ5ኛው እስከ 17ኛው ፍሬት ድረስ ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ መልሳችሁ ቃኙ። ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል።

ትሬሞሎ ላላችሁ፦ ካርቶኑን ስታወጡ ብሪጁ ወደ ላይ መነሳቱ አይቀርም። የጀርባውን ክዳን ክፈቱ። ስፕሪንጎቹን የያዙትን 2 ብሎኖች እኩል እኩል እያጠበቃችሁ፣ በየመካከሉ እየቃኛችሁ መልሱት። 3 ስፕሪንግ ብቻ ካለውና ብሎኖቹ ገብተው ካለቁ 4ኛ ጨምሩ።

ደረጃ 4፦ አንገቱን አስተካክሉ

አዲሱ ውጥረት አንገቱን ወደ ፊት ጎትቶታል። "ክሩ ከፍሬቱ ራቀ" የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይመጣል። ብዙ ሰው ሳድሉን ዝቅ በማድረግ ሊያመልጠው ይሞክራል። ያኔ ከላይ ያሉት ፍሬቶች ላይ ይንጫጫል። ቅድሚያ አንገቱ ነው።

አለካኩ ይህ ነው። ጊታሩ ተቃኝቶ በመጫወቻ አቀማመጡ ይሁን። 6ኛውን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ጫኑት። በመካከል፣ 7ኛውና 8ኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ የለንም አትበሉ። አሁን ያወለቃችሁት የድሮው 1ኛ ክር ባለ 10 ከሆነ ውፍረቱ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ቁራጩን በክፍተቱ አስገቡት። ክሩን ሳያነሳ ነካ ብሎ ካለፈ ልኩ ያ ነው።

1. ክፍተቱ ከሰፋ ክሮቹን በትንሹ አላሉ።
2. የአንገቱን ብሎን በሰዓት አቅጣጫ አንድ ስምንተኛ ዙር አጥብቁ። ቢበዛ ሩብ ዙር።
3. መልሳችሁ ቃኙና ለኩ።
4. ካልበቃ ለዛሬ ተዉት። እንጨቱ ቦታውን የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው። በማግስቱ ለክታችሁ ቀጥሉ።

ክፍተት ጭራሽ ከሌለና የታችኞቹ ፍሬቶች ላይ ከተንጫጫ በተቃራኒው አንድ ስምንተኛ ዙር አላሉት።

ብሎኑ ችክ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። እየዞረ ምንም ለውጥ ካላመጣም እንደዚያው። ሁለቱም ወደ ባለሙያ የሚወሰዱበት ምልክት ናቸው።

ደረጃ 5፦ ነቱን ለ3ኛው ክር አዘጋጁ

ባለ 10 ስብስብ ላይ 3ኛው ክር ብዙውን ጊዜ ያልተጠቀለለ፣ 0.017 ኢንች ነው፤ ማለትም 0.43 ሚሊሜትር። ባለ 12 ክሮምስ ላይ 3ኛው የተጠቀለለ 0.024 ነው፤ ማለትም 0.61 ሚሊሜትር። ለ0.43 የተቆረጠ ቦይ ውስጥ ይህ ክር አይገባም። ወይ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ወይ ይጣበቃል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ስትቃኙ መቃኛው ይዞራል፣ ድምፁ ግን አይነሳም። ከዚያ ነቱ ላይ "ጭው" የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማና ቅኝቱ ድንገት ይዘላል። ሌሎች ክሮች ላይ ከሆነ ቦዩን በእርሳስ ጫፍ መቀባት ብቻውን ሊፈታው ይችላል። 3ኛው ላይ ግን ብዙ ጊዜ መሞረድ አለበት።

የነት ሞረድ ካላችሁ ከክሩ በጥቂቱ የሚሰፋውን ተጠቀሙ። ከሌላችሁ የድሮው ራውንድ ዋውንድ 4ኛ ክር ቁራጭ ቀስ ብሎ እንደ መጋዝ ይሠራል። 0.026 ከሆነ ለ0.024 ክር ልክ ነው።

- ሞረዱ ወደ መቃኛዎቹ በኩል ወደ ታች ያዘንብል። ክሩ ነቱን የሚለቀው በፍሬቶቹ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ መሆን አለበት። በተቃራኒው ካዘነበለ ክሩ ይንጫጫል።
- አስፉ እንጂ አታጥልቁ። የክሩ ግማሽ ውፍረት ቦዩ ውስጥ፣ ግማሹ ከላይ ቢሆን ይበቃል።
- ሦስት አራት ጊዜ ሞርዱ፣ ክሩን መልሱ፣ ቃኙ፣ እዩ። ችኮላ ነቱን ያበላሻል።

ጠልቆባችሁ ክፍቱ ክር (ጣት ሳይጫን የሚመታው) 1ኛው ፍሬት ላይ ከተንጫጫ ቦዩን ቤኪንግ ሶዳ ሙሉትና አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣል አድርጉበት። እንደ ድንጋይ ይደርቃል። መልሳችሁ መሞረድ ትችላላችሁ። ሙጫው የአንገቱን ቀለም እንዳይነካ ዙሪያውን በቴፕ ሸፍኑ። ያላችሁ ብቸኛና ውድ ጊታር ከሆነ ግን ይህን ደረጃ ለባለሙያ ስጡት። የአንድ ነት ቦይ ሥራ ትንሽ ነው፣ ልምድ ያለው እጅ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ደረጃ 6፦ ከፍታውን ለኩ

12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለኩ። ለመነሻ፣ ሳድሉን ከፍ ወይም ዝቅ እያደረጋችሁ፣ 6ኛው 2 ሚሊሜትር፣ 1ኛው 1.5 ሚሊሜትር ይሁን። ፍላት ዋውንድ የሚርገበገብበት ስፋት ጠበብ ያለ ስለሆነ ካስፈለገ ትንሽ ዝቅ ልትሉ ትችላላችሁ። ጠንከር አድርጋችሁ የምትመቱ ከሆነ ግን እዚያው ተዉት።

ደረጃ 7፦ ሳድሎቹን በተለይም 3ኛውን አስተካክሉ

ያልተጠቀለለው 3ኛ ክር ሳድሉ ወደ ኋላ የሸሸ ነበር። የተጠቀለለው ውስጡ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ያን ያህል ማካካሻ አያስፈልገውም። ስለዚህ ሳድሉ ወደ ፊት፣ ወደ አንገቱ ይመጣል። ይህን ያልነካ ሰው ክፍቱን ክር አሳምሮ ይቃኛል፣ ኮርድ ሲይዝ ግን 3ኛው ዝቅ ብሎ ይሰማዋል።

1. ክሩን በትክክል ቃኙ።
2. 12ኛው ፍሬት ላይ ጫን አድርጋችሁ ምቱ፣ ቲዩነሩን አንብቡ።
3. ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ከአንገቱ አርቁት።
4. ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቡት።
5. ሳድሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክፍቱን ክር እንደገና ቃኙ። ይህን የዘለለ ሰው ዙሪያውን ሲዞር ይውላል።

ስትለኩ በመጫወቻችሁ ጉልበት ጫኑ። አጥብቆ መጫን ድምፁን ከፍ ያደርግና ያሳስታል። ብሪጁ የእንጨት ከሆነና የሚንቀሳቀስ ሳድል ከሌለው ብሪጁን ራሱን በ6ኛውና በ1ኛው ክር እየለካችሁ በትንሽ በትንሹ ግፉት።

ደረጃ 8፦ ድምፁን አመጣጥኑ

አሁን ስትጫወቱ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። ወፍራሞቹ 4 ክሮች ጨለም ያሉ ናቸው፣ 1ኛውና 2ኛው ግን ይጮኻሉ። ሁለቱ ተራ ብረት ስለሆኑ ነው። መጀመሪያ ፒክአፑን በ1ኛው ክር በኩል ዝቅ አድርጉ። ካልበቃ 1ኛውንና 2ኛውን አንድ ጌጅ አወፍሩ፤ 11ን በ12፣ 15ን በ16።

የስትራቶካስተር ዓይነት ፒክአፕ ላላችሁ መልካም ዜና አለ። በ1954 ስትራቶካስተር ሲወጣ 3ኛው ክር የተጠቀለለ ነበር፤ ፒክአፑ ላይ የ3ኛው ማግኔት ከፍ ብሎ የተሠራው ለዚያ ነው። የድሮውን ንድፍ የጠበቀ ፒክአፕ ላይ ባልተጠቀለለ ክር 3ኛው ከሌሎቹ በላይ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። በፍላት ዋውንድ ይረጋጋል።

አምፕሊፋየሩን እንደ ድሮው አትተዉት። ቤዙን ቀንሱ፣ መካከለኛውን ጨምሩ፣ የጊታሩን የቶን ቁልፍ ሙሉ ክፈቱ። ከዚያ ወደሚመቻችሁ ዝቅ በሉ። ፒካችሁ ቀጭን ከሆነ 1.5 ሚሊሜትር አካባቢ ያለው ይሻላል፤ ቀጭኑ ፒክ ለስላሳው ክር ላይ "ጠቅ ጠቅ" ብቻ ይላል። አዲስ ፍላት ዋውንድ ትንሽ ብልጭ የሚል ቃና አለው። ሲጫወቱበት ይበርዳል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አትፍረዱበት።

አጨዋወት ላይ የሚቀየረው

3ኛውን ክር ሙሉ ድምፅ መግፋት ቀርቷል። ግማሽ ድምፅ ይሄዳል። ማንሸራተት ግን እንደዚህ ክር የሚመች የለም፣ የጣት "ጭርጭር" የሚለው ድምፅ ይጠፋል። ትዝታ ወይም ባቲ በጊታር ስትጫወቱ በመግፋት ታመጡት የነበረውን ጌጥ በተንሸራተተ ጣት አምጡት። እኔ ይህን ክር የምወደው ለዚህ ነው። ዜማው እንደ ድምፃዊ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ ያልፋል።

ችግር ሲመጣ

ሲቃኝ እየዘለለ ከሆነ ነቱ ነው፤ ደረጃ 5። ክፍቱ ክር ትክክል ሆኖ ኮርዱ ከተዛባ ሳድሉ ነው፤ ደረጃ 7። በሁለተኛው ሳምንት ክሮቹ ከፍ ካሉ አንገቱ ገና እየተሳበ ነው፤ ደረጃ 4ን ድገሙ። አንድ ወፍራም ክር ብቻ ከአዲስነቱ "ደብ" ካለ ከዘንጉ አንስታችሁ ወደ ብሪጁ በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝበት ስንጥቅ ካገኛችሁ ጥቅልሉ ተላቅቋል።

አያያዝ

ተጫውታችሁ ስትጨርሱ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ፍላት ዋውንድ ለወራት፣ ጥንቃቄ ካለው ከዚያም በላይ ያገለግላል። ፍሬትም ቶሎ አይበላም። አውልቃችሁ መልሳችሁ መግጠም ግን ተዉ። ታጥፎ የተቃናው ቦታ በሁለተኛው ላይ ይሰበራል። 1ኛው ወይም 2ኛው ሲበጠስ ሌሎቹን ሳትነኩ በዚያው ጌጅ ተራ የብረት ክር ተኩት፣ ሳድሉን መንካትም አያስፈልግም።